ፊታውራሪ መሸሻ በዘጠነኛ ክፍል ችሎት

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህንን የውይይት ክር የከፈተው በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለዘጠነኛ ክፍል አማርኛ የሚያስተምር መምህር ነው። ጥያቄው አጭር ሊሆን ይችል ነበር፤ ንዴቱንም አብሮ ስለጻፈው ረዘመ። የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብባችሁ ኑ እያለ ሲወተውት ከርሞ ያገኘው ነገር ቢኖር ከደብተር ወደ ደብተር የተገለበጠ ማጠቃለያ ነው። የአንዱ ልጅ የፊደል ግድፈት በሌሎቹ ደብተሮች ላይ ሳይጨመር ሳይቀነስ ሰፍሮ አገኘው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋና የመጽሐፉን ባላባት ፊታውራሪ መሸሻን ከሰሳቸው። ገበሬዎቹ ከሳሽ፣ ፊታውራሪ ተከሳሽ፣ መሐል ላይ ዳኛ፣ ግራና ቀኝ ሸንጎ ሆነው ተሰየሙ። ሙግቱ እንደ ድሮው በበላ ልበልሃ ነው። ነጠላ ይጣፋል፣ ዱላ ይሰበቃል፣ ቃል ይመረጣል። የጥንት ተሟጋች በማር ወይም በበቅሎ እንደሚወራረደው ሁሉ እነዚህ ደግሞ በገጽ ይወራረዳሉ፤ የተረታው ወገን ክርክር የተነሣበትን ገጽ ፈልጎ ለክፍሉ ጮክ ብሎ ያነባል።

በዚህ ምክንያት በቤተ መጻሕፍቱ ያሉት ጥቂት ቅጂዎች ተሻሚ በዙባቸው ይላል መምህሩ። ጠበቃ ሆነው የተመረጡት ልጆች ማስረጃ ፍለጋ መጽሐፉን እየተነጣጠቁ ማገላበጥ ጀመሩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን ጩኸቱ ከጎን ያለውን ክፍል እንደረበሸ ገልጸው፣ ለመሆኑ ሥነ ጽሑፍ እያስተማርህ ነው ወይስ ቴአትር እያዘጋጀህ ብለው ጠየቁት። እሱም ይህንኑ ጥያቄ ወደ እኛ አዞረው፤ እግረ መንገዱንም እንዲህ ያለውን ነገር በነጥብ እንዴት እንደሚመዝኑት ጠየቀ።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። እኔ መምህር አይደለሁም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከመምህሩ ወገን ነኝ። ሆኖም ከደጋፊዎቹ የተሻለ የተናገሩ ተቃዋሚዎች ስለነበሩ ምላሾቹን እንደ ተራቸው ልተርክ።

1ኛው ምላሽ የአንዲት መምህርት ነው። ምስጋናዋን አስቀድማ ክፍሉ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ጠየቀች። በ2ኛው ላይ መምህሩ ሰባ ሊሞላ ጥቂት እንደቀረው መለሰ። እንግዲህ ተሟጋቾቹ ከአሥር አይበልጡም፤ የቀሩት ስልሳ ልጆች ምን ይሠራሉ? በ3ኛው ምላሽ ስለ ቀድሞው ችሎት የሚያውቅ ሰው መላ አመጣ። በዚያ ሥርዓት በሸንጎ የተሰየሙ ሰዎች ፍርዳቸውን የሚሰጡት ከታች ጀምረው ነው። በማዕረግ ዝቅ ያለው ቀድሞ ይናገራል፣ ትልቁ መጨረሻ ላይ ይናገራል፤ ይህም ታናሹ የታላቁን ፊት አይቶ እንዳይፈርድ ነው። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ተሸሽገው የሚቀመጡት ልጆች ሸንጎ ይሁኑ፣ ፍርዱም ከእነሱ ይጀምር፣ ሁልጊዜ እጃቸውን የሚያወጡት ጎበዞች ደግሞ መጨረሻ ላይ ይናገሩ የሚል ነው ሐሳቡ። ወጪ የለውም፣ ዝግጅት አይጠይቅም። ነገር ግን 4ኛው ምላሽ ጠብ ይዞ ስለመጣ ማንም በወጉ ሳያነሣው ቀረ።

4ኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አጻጻፋቸው የታረመና የተቆጣ ነው። ትልቅ ድርሰት በዝምታ የሚነበብ እንጂ ዱላ የሚሰበቅበት አይደለም አሉ። እሳቸው ሲማሩ ማንም ነጠላ አላጣፋላቸውም፤ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» በቃላቸው ይዘው ክፍል ፊት ቆመው ይወጡት ነበር፤ እስከ ዛሬም አልረሱትም። ተማሪ የማያነበው ስልክ ስለያዘ እንጂ ጨዋታ ስለጎደለው አይደለም፤ መጫወት ለሚፈልግ የእረፍት ሰዓት አለለት። በመጨረሻ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የነበረውን ጊዜ እያስታወሱ የዛሬውን ትውልድ አዘኑለት።

በዚህ መጨረሻቸው ራሳቸውን አጋለጡ። 5ኛው መላሽ ወዲያው ያዛቸው። ወጋየሁ መጽሐፉን በዝምታ አላነበበውም ሲል ጻፈ። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የተለየ ድምፅ ሰጥቶ፣ በፊታውራሪ ቁጣ ተቆጥቶ፣ በልጃቸው በሰብለ ወንጌል ለቅሶ ተሰብሮ ተጫወተው፤ ሰዉም ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ ሬዲዮ ከብቦ ሰማው። ፊት ቆሞ ግጥም መወጣትስ ቢሆን ከዝምታ ጋር ምን አገናኘው? ዛሬ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ ከሚሉት ታላላቆቻችን መካከል ብዙዎቹ በጆሯቸው ያወቁት ናቸው ብሎ ደመደመ። አነጋገሩ ለታላቅ ሰው ትንሽ የደፈረ ቢሆንም ነገሩን ያስተባበለ አልተገኘም።

6ኛው ምላሽ እርማት ነው። የክሩ ባለቤት የገበሬዎቹን አመፅ የመራው ጉዱ ካሳ እንደሆነ አድርጎ ጽፎ ነበር፤ መላሹ ግን አበጀ በለው መሆኑን፣ ጉዱ ካሳ የፊታውራሪ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ሥርዓታቸውን በቃል የሚነቅፍ ሰው መሆኑን አስታወሰ። ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። ጉዱ ካሳ ለገበሬዎቹ በምስክርነት ይቁም ወይስ በተከሳሹ ወገን ይቀመጥ የሚለው ለችሎቱ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ የዘመዱን ጉድ የሚመሰክር ሰው እንዴት ያለ ምስክር እንደሆነ ልጆቹን ማጠየቅ ይቻላል። ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ፤ መላሹ እርማቱን ሰጥቶ ሄዷል።

7ኛው ምላሽ ከክሩ ሁሉ ረጅሙ ሲሆን ደጋግሜ ያነበብኩትም እሱን ነው። ጸሐፊው በልጅነቱ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ቅኔ የተማረ ሰው ነው። ክርክሩ ከሥሩ የተሳሳተ ነው ይላል። እጅና መጽሐፍን፣ ሥራና ጨዋታን ለያይቶ ያስቀመጠው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ በመስማት ብቻ ባለቅኔ የሆነ የለም። ጀማሪው ከሁሉ አጭር በሆነው በጉባኤ ቃና፣ በሁለት ቤት ይጀምራል። ቃል ይፈልጋል፣ ይገጥማል፣ አይሆንለትም፣ ያፈርሰዋል። ለመምህሩ ሲያቀርብ መምህሩ ያርመዋል፤ ጓደኞቹም አይምሩትም። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ስለሆነ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ከዚያ በሦስት ቤት ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ እስከ መወድስ ይዘልቃል። ቅኔ ቤቱ ዋሸራም ይሁን ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ ስልቱ ይለያይ እንደሆነ እንጂ ተማሪው ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ሠሪ መሆኑ አይለያይም። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ በዚህ መንገድ ተምረዋል፤ የሰብለ ወንጌልን ፍቅረኛ፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህንም በዚሁ መንገድ አሳልፈውታል።

ሐሳቡም ይህ ነው። ክፍሉ የበዛብህን የትምህርት ዘመን ከማንበቡ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ በአማርኛ ሁለት ቤት ሰምና ወርቅ ይሥራ፤ ጉዳዩ የክፍሉ የተሰበረ መስኮት ቢሆንም ግድ የለም። ከዚያ በኋላ የድሃ ገበሬ ልጅ በቅኔው ብቻ ተመርጦ ወደ ባላባት ቤት አስተማሪ ሆኖ ሲገባ ምን ያህል መንገድ እንደተጓዘ በራሳቸው ላብ ያውቁታል። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። አራሚ የሌለው ጨዋታ ዋጋ የለውም። ቅኔ ቤት ርኅራኄ አያውቅም፤ ለቀረበለት ሁሉ ጎበዝ፣ ግሩም የሚል መምህር ልጆቹን ያስደስታቸው እንደሆነ እንጂ አያስተምራቸውም። ጨዋታ የምንወድ ሰዎች ይህችን እየዘለልናት ስለምናልፍ ነው የመጣው ተቃውሞ የሚመጣብን ብዬ አምናለሁ።

በ8ኛው ምላሽ ድምፁ ተለወጠ። አንዲት እናት ናት፤ ተበሳጭታለች። ልጇ የምትማርበት አንድ የግል ትምህርት ቤት የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ በካርቶን ሠርታችሁ ኑ ብሎ አዘዘ። ልጅቷ አልቻለችበትም፤ አባትየው አመሸበት፤ በመጨረሻ ለአንድ የእንጨት ሠራተኛ ገንዘብ ተከፍሎ ግቢው ከነአጥሩ፣ ከነእልፍኙ ተሠራ። ትምህርት ቤቱ በወላጆች በዓል ቀን አሳየው፤ ከፍተኛ ነጥብም ተሰጠው። ልጅቷ ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ማን እንደሚኖር እስከ ዛሬ አታውቅም። እናትየዋ ለዚህ ለዚህማ የድሮው ቃል በቃል ማስጠናት ምን አለን ብላ የጡረታ መምህሩን አመሰገነች።

ከሁሉ የበረታው ተቃውሞ ይህ ነው። የክሩ ባለቤት በኋላ ላይ ሊያስተባብል ሲሞክር የእሷ ልጅ ትምህርት ቤት ሀብታም ስለሆነ ነው የሚል ነገር ተናገረ፤ መልስ አይሆንም። የካርቶኑ ግቢ ችግር ውድ መሆኑ ላይ አይደለም። መጽሐፉን ሳይከፍቱ ሊሠሩት መቻላቸው ነው። ችሎቱ ግን ገጽ ሳይጠቀስ አይንቀሳቀስም። ልዩነቱ ይኸው ሆኖ ሳለ ማንም በግልጽ ሳያወጣው እስከ 25ኛው ምላሽ ድረስ ዘለቀ።

9ኛዋ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ለትንንሾቹ ተከራከረች። ከአራተኛ ክፍል ልጆች ጋር የእንስሳት ጭምብል በወረቀት ሠርተው ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» መንፈስ የተወሰዱ አጫጭር ትዕይንቶችን ይጫወታሉ። ተውኔቱ ከላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች መነሻ ያገኘ፣ በአውሬዎች አፍ የጊዜውን አስተዳደር የሸነቆጠ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም የታገደ ነው። መምህርቷ መታገዱን የምትነግራቸው ከተጫወቱት በኋላ ነው። አንበሳና ቀበሮ ሆነው ሲስቁ ቆይተው ይህ ለምን ይከለከላል ብለው ይጠይቃሉ፤ ያኔ ወደ ንግግሮቹ ተመልሰው ንጉሥ ቢሆኑ የትኛው እንደሚያስቆጣቸው ይፈልጋሉ። አስቀድማ ብትነግራቸው ኖሮ ጥያቄው የእሷ እንጂ የእነሱ አይሆንም ነበር። ጭምብል ሲባል ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ፤ ይህኛው ግን ከእኔ አስተያየት ተርፏል።

10ኛው ምላሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተማሪ የሚያዘጋጅ ሰው ለበላ ልበልሃ ጊዜ የለውም። 11ኛው ከዚያ አልፎ ሄደ። ጨዋታ የሚያበዙ መምህራን ሳይዘጋጁ ክፍል የሚገቡ ናቸው፣ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት ሲያቅታቸው ተማሪውን ያጫውቱታል የሚል ክስ ጻፈ። በ12ኛው ላይ የክሩ ባለቤት ትዕግሥቱ አለቀ። ከሳሹን ከሰዓት በኋላ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ፀሐዩ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ሰባ ልጅ ፊት እንዲቆም ጋበዘው። አንዱን ችሎት ለማዘጋጀት የሚፈጀው ጊዜ የአንድ ወር ማስታወሻ ከማጻፍ እንደሚበልጥም ነገረው። መቆጣቱ አግባብ ነበረው፤ መሳደቡ ግን አልነበረውም፤ ስድቡን የመድረኩ ተቆጣጣሪ በኋላ አነሣው። 13ኛው ሰው ሽማግሌ ሆኖ ገባና ሁለታችሁም ለተማሪው አሳቢዎች ናችሁ አለ፤ ሁለቱም አልሰሙትም።

ከ14 እስከ 16 ያሉት ምላሾች ከነገሩ ወጡ። የሆነ ሰው ለማስታረቅ ብሎ ከዚህ ሁሉ ልጆቹን ገበጣ አስተምሯቸው አለ፤ ሌላው የገበጣ ጉድጓድ በሁለት ረድፍ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሦስተኛው ደግሞ በሦስት ረድፍ ነው ብሎ ተከራከረ። እንደ አካባቢው ሁለቱም አለ፤ አለፍኩት።

17ኛው ምላሽ ከባሕር ዳር ነው። መምህርቷ ጉዱ ካሳ የማኅበረሰቡን አቋም በካብ ድንጋይ እየመሰለ የሚናገርበትን ክፍል ስታስተምር ተማሪዎቿን ወደ ሜዳ አውጥታ ድንጋይ አስለቀመቻቸው። በየቡድናቸው ካብ ካቡ፤ በየድንጋዩም ላይ በጠመኔ ስም ጻፉ። ፊታውራሪ መሸሻ ከላይ፣ ገበሬው ከታች፤ እስከዚህ ድረስ ጠብ አልነበረም። ካህናቱ የት ይቀመጡ? ወይዘሮ ጥሩአይነት ከባላቸው እኩል ናቸው ወይስ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላሉ? ሰብለ ወንጌልስ፣ የባላባት ልጅ ሆና ሳለ በገዛ ጋብቻዋ ላይ የማትወስነው፣ ከላይ ናት ወይስ ከታች? ጉዱ ካሳን ደግሞ አንዱ ቡድን ከካቡ ውጭ ለብቻው አስቀመጠው። ከዚያ ከታች አንድ ድንጋይ እንዲመዝዙ አዘዘቻቸው። አንዳንዱ ካብ ተናደ፤ ሁለቱ ግን ቆመው ቀሩ። ያልተናደባቸው ልጆች ያመጡትን ጥያቄ ልብ በሉ። ጉዱ ካሳ ተሳስቷል ወይ፣ ወይስ የመዘዝነው ድንጋይ የሚገባው አልነበረም? ይህንን ለመመለስ የገበሬዎቹ አመፅ ምን እንደለወጠና ምን እንዳልለወጠ ለማየት መጽሐፉን ዘርግተው ተቀመጡ።

የድርሰት መልመጃ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያስወጣ አይቼ አላውቅም። 18ኛው መላሽ ግን ደስ አላለውም። እሱም ሞክሮት ነበር፤ ልጆቹ ከነገሩ ሁሉ የያዙት የካቡን መናድና አንድ ተማሪ እግሩ ላይ የወደቀበትን ድንጋይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባዶ የጠመኔ ሣጥኖች ይበቃሉ ብሎ መከረ። ደግሞም ምሳሌን በእጅ መዳሰስ ምሳሌነቱን ይገድለዋል፤ ተማሪው በአእምሮው ሊሥለው የሚገባውን ነገር ሠርተን ሰጠነው የሚል ክርክር አቀረበ። 19ኛው የመምህርቷ መልስ አጭር ነበር፦ ትምህርቱ ያለው በተናደው ካብ ውስጥ ሳይሆን ሳይናድ በቀረው ውስጥ ነው። ሣጥን ይሁን ድንጋይ ይሁን ግን አልመለሰችም። እኔ ድንጋይ እመርጣለሁ፤ ክብደቱ የሚናገረው ነገር አለው፤ ብቻ ካቡ ከጉልበት በታች ይሁን።

20ኛዋ መላሽ የሰብለ ወንጌልን አኮፋዳ አመጣች። ሰብለ በዛብህን ፍለጋ መነኩሴ መስላ ከቤት ስትወጣ ምን ይዛ ትወጣለች? ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ዕቃውን ይመርጣሉ፤ ለእያንዳንዱም ምክንያት ይሰጣሉ። መቋሚያ፣ ቆብ፣ ዳዊት፣ ስንቅ። ወርቋንስ ትይዘዋለች ወይስ ትተወዋለች? መንገዱ ከጎጃም ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የሚሻገር ስለሆነ ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣውን ዳገት በካርታ ያዩታል፤ ዛሬ በመኪና የሚሄዱት ልጆች ያንን በእግር ሲያስቡት የዕቃው ምርጫ ይለወጣል። መስታወት የጨመሩ ልጆች ነበሩ፤ ጓደኞቻቸው መነኩሴ መስታወት ይዞ ከተያዘ ምን ይሆናል ብለው አስወጡባቸው። ወንዶቹ በዚህ ልምምድ ላይ ከሴቶቹ ይልቅ ዝም ይሉ እንደነበርም ጠቅሳለች።

21ኛው ሰው በዚህ ላይ «ጦቢያ»ን ጨመረ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. ታተመ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ። በሁለቱም ውስጥ ሴቲቱ መንገድ ለመውጣት የሌላ ሰው ልብስ መልበስ አለባት። ጦቢያ ወንድ መስላ፣ ሰብለ መነኩሴ መስላ። ሁለት አኮፋዳ ጎን ለጎን ቢቀመጥና ልዩነቱ ቢጠየቅ ጥሩ ይሆናል አለ፤ ሐሳቡ ግን እስካሁን የሞከረው የለም። የ«ጦቢያ»ን አማርኛ ለማያውቅ ተማሪ መስጠት ራሱ ሌላ ፈተና ነው።

22ኛው ምላሽ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ የምታስተምር ሴት ናት። የእሷ ተማሪዎች ቋንቋውን ይሰማሉ፣ ፊደሉን እየተንተባተቡም ቢሆን ይለያሉ፤ የሚሰናከሉት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ባለማወቅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የፊደል መሻሻል ደጋፊ ስለነበሩ በዚህ መጽሐፋቸው ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል፤ እንዲህ ያደረገ ደራሲ እምብዛም የለም። እሷም ነጥብ የሌለው አንቀጽ ቀድታ ትሰጣቸዋለች። ወላጆቻቸው ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ልጆቹ በቀይ እርሳስ ነጥቡን ያስቀምጣሉ፤ በመጨረሻ ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክራሉ። ወላጆችና ልጆች የሚከራከሩበት፣ አልፎ አልፎም አባት የሚረታበት ጨዋታ ሆኗል። የደራሲውን ዐይን የሚያሳይ እንዲህ ያለ ነገር ከውጭ አገር መምጣቱ ገረመኝ፤ እዚህ ያለነው ነጥቦቹን እያየን ሳናያቸው አልፈናል።

በ23ኛው ላይ የጡረታ መምህሩ ተመለሱ። ስለ ሬዲዮው የተባለውን ሳያነሡ አለፉት። ስለ ቅኔ ቤት የተጻፈውን ግን አመሰገኑ፤ ቅኔ ቤት ውስጥ መቀለድ እንጂ ማላገጥ የለም ብለው ለራሳቸው ወገን ወሰዱት። ከዚያ እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁ። ችሎቱ ከተደረገ በኋላ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ተማሪ ስንት ነው? ማስረጃ ፍለጋ ገጽ ማገላበጥ ማንበብ አይደለም፤ ጠበቃ የሚያነበው የሚጠቅመውን ብቻ ነው፤ በዛብህ ሲሞት ያላለቀሰ ተማሪ መጽሐፉን አላነበበውም አሉ። የክሩ ባለቤት በ24ኛው ላይ ሳይሸሽግ መለሰ። የጨረሱት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ የገበሬዎቹን አመፅና የፊታውራሪን መማረክ በደንብ ሲያውቁ የፍቅሩን ታሪክ ግን ከጫፉ ብቻ ያውቁታል። ችሎቱ የመረጠው የመጽሐፉን አንድ ጎን ነው። ሰብለንና በዛብህን ችሎት ማቅረብ ደግሞ አልፈለገም፤ ጉዳዩ ወደ ስለት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎትና ወደ ወላጆች ይሄዳል፤ ክፍሉ ውስጥ የሚያስቀይመው ሰው እንዳይኖር ፈርቷል። ከዚህ በኋላ ሁለቱ በጨዋነት ተነጋገሩ፤ አልተስማሙም።

በእኔ ግምት በዚህ ነጥብ ረቺው ሽማግሌው ናቸው። ጨዋታ የመጽሐፉን አንድ ክፍል ያበራል፤ የበራውን ክፍል መምረጥ ደግሞ የመምህሩ ፈንታ ነው፤ ሁልጊዜም ለጨዋታ የሚመቸውን፣ የሚያስጮኸውን እንመርጣለን። የበዛብህ እናት ልጇን ለእግዚአብሔር የተሳለችበት ጭንቀት በዱላ መስበቅ አይገለጥም። እዚያ ጋ ቀስ ብሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻ ነው መፍትሔው።

25ኛው ምላሽ ነጥብ አሰጣጡን መለሰ፤ ከክሩ ሁሉ ለሥራ የሚሆነው ይኸው ነው። ማንኛውም የተሠራ ነገር፣ ንግግርም ይሁን ካብ ወይም ጭምብል፣ የገጽ ቁጥር ካልያዘ አይታረምም። የመጀመሪያው ነጥብ ገጹ በእርግጥ የተባለውን የሚናገር ከሆነ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ተቃራኒውን የሚናገር ሌላ ገጽ ለሚያመጣ ይሰጣል። ለውበትና ለጌጥ ነጥብ የለም። ሌሊቱን ሲሰፋ ያደረ ካባም ሆነ ከጎረቤት የተዋሰ ጋቢ እኩል ናቸው። 8ኛዋ እናት ይህንን ባየች ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጣ ያልሆነ ነገር ጻፈች፤ ለትምህርት ቤቱ አትሜ ልውሰድላቸው ወይ ብላ ፈቃድ ጠየቀች።

26ኛው የመጽሐፉን ቅጂ በርካሽ የት እናገኛለን ሲል 27ኛው በአዲስ አበባ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎችን እንዲያስስ ነገረው፤ 28ኛው ደግሞ ለምን ሙሉውን ፎቶ ኮፒ አናደርገውም ብሎ የቅጂ መብት ክርክር ከፈተ፤ እሱ ሌላ ክር ሆኖ ቀጥሏል።

29ኛው እስካሁን ምላሽ አላገኘም። በቅርቡ ተመድቦ ወደ ገጠር የሄደ ወጣት መምህር ነው። በትምህርት ቤቱ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ሲሆን ሽፋኑም የለም። ድንጋይ እንደልብ ነው። በችሎቱ ይጀምር ወይስ በካቡ? መምህራኑ ዝም ካሉ እኔ ልመልስለት። በችሎቱ ይጀምር። አንድ ቅጂ ለችሎት ይበቃል፤ በዳኛው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ማስረጃ አለኝ የሚል ሁሉ እዚያው ቆሞ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው ይስማ። ካቡ ጉዱ ካሳ የሚናገርበት ምዕራፍ እስኪደርስ ይቆይ። ዳኛውን ደግሞ በዕጣ ይምረጥ፤ መምህሩ ራሱ ዳኛ ከሆነ ልጆቹ በመጽሐፉ ፈንታ የእሱን ፊት ማንበብ ይጀምራሉ።